ቤቱን የሚያዳርስ፣ ጌም ላይ የማይንቀራፈፍ ራውተር የቱ ነው?

የማታ ተጫዋች፦

ሰላም ለሁላችሁም። ራውተር ልቀይር ነው፣ ግን የቱን እንደምገዛ ግራ ገብቶኛል።

ቤቱ ታችና ላይ አለው። ራውተሩ ያለው ከታች ሳሎን ጥግ ላይ፣ መስመሩ የሚገባበት ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። የምጫወትበት ክፍል ላይኛው ፎቅ፣ በተቃራኒው ጫፍ ነው። መሃል ላይ የኮንክሪት ወለልና ሁለት ግድግዳ አለ። ያለኝ ፒኤስ 5 (የጌም ኮንሶል) ነው፣ አልፎ አልፎ በላፕቶፕም እጫወታለሁ።

ሁለት ነገር አስመርሮኛል። አንደኛው፣ ላይ ስወጣ ዋይፋዩ ይደክማል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ማታ ሁሉም ሰው ኔት ላይ ሲሆን ፒንጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ድንገት ይዘላል። 40 ሚሊሰከንድ የነበረው 300 ይገባል። ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ሲመለስ ተገድያለሁ። ስፒድ ቴስት ሳደርግ ግን ፍጥነቱ ደህና ነው። ይሄ ነው ያልገባኝ።

ስምንት አንቴና ያለው "ጌሚንግ ራውተር" አይቻለሁ፣ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። እሱን ልግዛ ወይስ ሜሽ (ዋይፋዩን እየተቀባበሉ ቤቱን የሚያዳርሱ ሣጥኖች) ይሻለኛል? የምታውቁ እርዱኝ።

ዮኒ፦

ጌሚንጉን ውሰድ። እኔ ከቀየርኩ ወዲህ ሰላም ነኝ። ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ነው፣ የጌሙን ትራፊክ የሚያስቀድም ሴቲንግ አለው፣ ባንዱም (የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ሦስት ነው። አታስብበት።

ሚሚ ኔትወርክ፦

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር እንለይ። የጻፍከው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። አንዱን የሚፈታው ዕቃ ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ላይ ቤት ሲግናል መድከሙ የሽፋን ነገር ነው። ማታ ፒንግ መዝለሉ ግን ከዋይፋዩ ሊሆን ይችላል፣ ከመስመሩም ሊሆን ይችላል። ይሄ ሳይለይ የሚገዛ ራውተር፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በዕድል ነው የሚሠራው።

መለየቱ ቀላል ነው። ላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ሁለት ጊዜ ክፈት። በአንዱ ራውተሩን ራሱን ፒንግ አድርግ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። በሌላው 8.8.8.8ን ፒንግ አድርግ፣ እሱ የጉግል ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር ሰርቨር) ነው። ሁለቱም ሳይቆሙ ይሩጡ። ከዚያ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እያየህ ከስልክህ ከባድ ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ጀምር።

የራውተሩ ቁጥር ከተረበሸ ችግሩ እዚያው ቤትህ ውስጥ፣ ዋይፋዩ ላይ ነው። የራውተሩ 2 እና 3 ላይ ረግቶ የውጭው ብቻ ከዘለለ ግን ዋይፋዩን አትውቀስ። ያኔ ነገሩ ከራውተሩ ወደ ውጭ ባለው መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ሆነህ በዋይፋይ ሞክረው። ቀጥሎ ታች ወርደህ ላፕቶፑን በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክተህ ድገመው። በገመድ ስትሞክር የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፋው፣ አለበለዚያ በየት እንደሄደ አታውቅም።

ስፒድ ቴስቱ ጥሩ ሆኖ ጌሙ መንቀራፈፉ አይግረምህ። ኦንላይን ጌም የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ከ1 ሜጋቢት በሰከንድ በታች ነው የሚወስደው። የሚፈልገው እያንዳንዷ ትንሽ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) በሰዓቷ እንድትደርስ ነው። ስፒድ ቴስት የሚነግርህ ደግሞ በጅምላ ስንት እንደሚያልፍ ነው። አዲስ ጌም ወይም አፕዴት ማውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ላይ ፍጥነቱ ያስፈልግሃል።

አባ ቻናል፦

ሚሚ ልክ ብላለች። እኔ ስለ ካርቶኑ ቁጥር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው።

"ኤኤክስ 3000" የሚለውን እንውሰድ። 3000 የሚሮጥ ግንኙነት የለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ 574፣ በ5 ጊጋኸርዝ 2402 ሜጋቢት በሰከንድ ይደመርና 2976 ይመጣል። እሱን አጠጋግተው 3000 አሉት። ኮንሶልህ ግን በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ባንድ ነው። 2402 ራሱ የሚገኘው ቻናሉ (ከባንዱ ውስጥ የሚጠቀምበት ክፍል) 160 ሜጋኸርዝ ሲሰፋና ዕቃህም ያንን ሲችል ነው። 80 ሜጋኸርዝ ከሆነ ግማሹ ይቀራል፣ 1201። ያም በወረቀት ላይ ነው። ራውተሩ አጠገብ ቆመህ እንኳ ከዚያ ያንሳል፣ ግድግዳ ሲገባበት ይብስበታል። "ኤኤክስ 1800"ም ያው ነው፤ 574 እና 1201 ተደምሮ ተጠጋግቷል።

አንቴናውም እንደዚያው። ስምንት ስለሆነ ሁለት እጥፍ ይርቃል ማለት አይደለም። ራውተር የሚያወጣው ኃይል በየአገሩ በሕግ የተገደበ ነው፤ ውዱም ርካሹም ከገደቡ ሥር ነው። ደግሞ ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ ቢበረታ እንኳ ስልክህ በትንሽ ኃይል ነው መልስ የሚልከው። የስልኩ መልስ ራውተሩ ጋ ካልደረሰ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ እያሳየህ ኔቱ አይሠራም።

ትልቁ ነገር ቦታው ነው። ከቴሌቪዥን ኋላ ጥግ ላይ የተደበቀ ራውተር በማንኛውም ስም ቢጠራ ይደክማል። ብረትና ትልቅ መስታወት ሲግናል ይመልሳሉ፣ ኮንክሪት ይውጠዋል። ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከፍ አድርገህ፣ ወደ ቤቱ መሃል ሳበው። ዘንግ አንቴና ሲግናሉን የሚረጨው በጎኑ ዙሪያ ነው፣ በጫፉ አቅጣጫ ደካማ ነው። ሁሉንም ቀጥ አድርገህ ካቆምካቸው ልክ ከራውተሩ በላይ ላለው ክፍል ትንሽ ነው የሚደርሰው። አንዱን ወደ ጎን አጋድመው።

2.4 ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን ምረጥ፣ እነሱ እርስ በርስ አይነካኩም። 3 ወይም 4 ላይ ከተቀመጥክ ግን ከሁለት ወገን ትረበሻለህ። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ለጌም ከተቻለ 5 ጊጋኸርዝ ይሁን፤ ችግሩ ግድግዳ ላይ ከ2.4 ቶሎ መሸነፉ ነው።

ገመድ ይቅደም፦

እኔ አጭር ነኝ። ኮንሶሉን በገመድ አገናኘው፣ የሽፋኑን ነገር ከዚያ በኋላ አስብበት።

ዋይፋይ ላይ በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ በአብዛኛው አንድ ዕቃ ነው የሚያወራው። ሌላው ሁሉ ተራ ይጠብቃል። የጎረቤትህ ራውተር በዚያው ቻናል ላይ ከሆነ የሱንም ተራ ትጠብቃለህ። ገመድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ፒንጉ ከራውተሩ ጋር ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይሆንና እዚያው ይቆማል።

ካት 5ኢ ገመድ 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ለቤት ከበቂ በላይ ነው። በደረጃው ጠርዝ፣ በግድግዳው ሥር ጠፍጣፋ ገመድ ብታሳልፍ አይታይም። ላይ ሲደርስ ትንሽ ስዊች (አንዱን ገመድ ለብዙ የሚያካፍል ሣጥን) ስካበት፤ ከሱ አንዱ ወደ ፒኤስ 5፣ ሌላው ወደ አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን በዋይፋይ የሚያወጣ ሣጥን) ይሂድ። አክሰስ ፖይንት መግዛት እንኳ ላያስፈልግህ ይችላል። አሮጌው ራውተርህ ይሆናል፦ ዲኤችሲፒውን (ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋ፣ አድራሻውን ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ ቀይር፣ ከታች የመጣውን ገመድ ከላን (የቤት ውስጥ ዕቃዎች ከሚሰኩባቸው) ቀዳዳዎቹ በአንዱ ሰካ። የኢንተርኔት መግቢያ በሚለው አትሰካው።

አዲሱን ስትገዛ ደግሞ የገመድ ቀዳዳዎቹን ፍጥነት አንብብ። በዋይፋይ ሺህ ምናምን ተብለው ቀዳዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ የሆነ ራውተሮች አሁንም አሉ።

ሰብለ፦

ሁሉም ሰው ገመድ መዘርጋት አይችልም እኮ። የኪራይ ቤት ውስጥ ግድግዳ መብሳት አይታሰብም። እኔ ሜሽ ነው የምጠቀመው፣ በደንብ ተደርጎ ከተቀመጠ ይሠራል።

ቦታው ግን ወሳኝ ነው። ሁለተኛዋን ሣጥን ሲግናል የሌለበት ክፍል ውስጥ ካስቀመጥሃት ራሷ ሲግናል አታገኝም፣ ታዲያ ምኑን ታከፋፍላለች? መቀመጥ ያለባት መሃል መንገድ ላይ ነው፣ ለምሳሌ ደረጃው አናት ላይ። ስልክ ላይ የሲግናል መጠን በዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ወደ 0 የቀረበው ይበልጣል) የሚያሳዩ አፖች አሉ። −50 በጣም ጥሩ ነው። −67 አካባቢ ለድምፅ ጥሪም ለጌምም ይበቃል። ከ−75 ከወረደ ግን ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ እየቆምክ ቁጥሩን እየው፣ ከየትኛው ግድግዳ በኋላ እንደሚወድቅ ራስህ ታየዋለህ።

ሌላው፣ ሁለት ባንድ ብቻ ያለው ሜሽ በአንዱ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ያስተላልፋል፤ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ትንሽ መዘግየትም ይጨመርበታል። ሦስት ባንድ ካለው አንዱን ለሣጥኖቹ ለብቻ ይይዘዋል። ገመድ ማሳለፍ ከቻልክ ደግሞ ሣጥኖቹን እርስ በርስ በገመድ አያይዛቸው፣ ያኔ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። እዚህ ላይ ከገመድ ይቅደም ጋር እስማማለሁ።

ርካሽ ሪፒተር (ዋይፋይን ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ) ለጌም አልመክርም። ቪዲዮ ለማየት ይሆናል።

የማታ ተጫዋች፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሚሚ እንዳለችው ሞከርኩት።

ላይ ቤት በዋይፋይ፦ ራውተሩ ራሱ አንዴ 4፣ አንዴ 150 ይመልሳል፣ አልፎ አልፎ ምንም አይመልስም። ሲግናሉ −79 ነው።

ታች በገመድ፦ ራውተሩ ሁሌም ከ1 በታች። የውጭው 38 ላይ ረግቶ ቆየ። ከስልኩ ቪዲዮ መጫን ስጀምር ግን ወደ 280 ወጣ፣ ጭነቱ ሲያልቅ ወዲያው ወደ 38 ተመለሰ! አፕሎዴ (ወደ ውጭ የምልክበት ፍጥነት) 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በገመድ ሆኜም ያው መሆኑ አስደንግጦኛል።

ሚሚ ኔትወርክ፦

አሁን ግልጽ ሆነ። ሁለቱም ችግር አለብህ። ስምንት አንቴናው ሁለተኛውን አይነካውም ነበር።

በገመድ ያየኸው በፈርብሎት ይባላል። መስመሩ ሲጨናነቅ ሞደሙ (መስመሩን የሚቀበለው ሣጥን) ወይም ራውተሩ ትርፉን ፓኬት አይጥለውም፣ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ያከማቸዋል። የጌምህ ትንሽ ፓኬት መጥታ ከዚያ ክምር ኋላ ትሰለፋለች። ባንክ ቤት አንድ ብር ልትዘረዝር ገብተህ ከፊትህ ያለው ሰው ሙሉ ጆንያ ሳንቲም ሲያስቆጥር መጠበቅ ማለት ነው። ስሌቱን ተመልከት፦ 375 ኪሎባይት ቢጠራቀም 3 ሜጋቢት ነው። በ10 ሜጋቢት በሰከንድ ለማለፍ 300 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አንተ ካየኸው ቁጥር ጋር ይቀራረባል እኮ!

መፍትሔው ብዙ ፍጥነት መግዛት አይደለም። ሰልፉን በብልሃት የሚያስተዳድር ራውተር ነው የሚያስፈልግህ። በ2012 በፈረንጆች ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የሚባል ዘዴ አወጡ፤ ፓኬት በሰልፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ እየለካ ሰልፉ እንዳይረዝም ያደርጋል። ከሱ የመጡት ኤፍኪው ኮደል እና ኬክ እያንዳንዱን ግንኙነት ለየብቻ ያሰልፋሉ፣ ስለዚህ የጌምህ ፓኬት የክላውዱን ክምር አትጠብቅም። ራውተር ላይ ይሄ ኤስኪውኤም በሚል ስም ይመጣል። ኦፕን ደብልዩአርቲ (ራውተር ላይ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር) የሚቀበል ራውተር ከገዛህ በነፃ ትጭነዋለህ፤ ግን ከመግዛትህ በፊት ሞዴሉን እስከ ቨርዥን ቁጥሩ ድረስ ከዝርዝራቸው አረጋግጥ። በአንድ ስም ተሽጦ ውስጡ የተለየ ዕቃ አለ።

ስታስተካክለው ከለካኸው ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶውን ስጠው። አፕሎዱ 10 ከሆነ 9 ወይም 8.5 በል። ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ፣ ግን ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ መሆኑ ይቀርና ራውተሩ እጅ ውስጥ ይገባል። መስመርህ በሞባይል ኔትወርክ ከሆነ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ቁጥሩን ዝቅ አድርገህ ጀምር።

ለዮኒም፦ የአንተ ራውተር "ጌሙን አስቀድም" ሴቲንግ ጠቅሞህ ሊሆን ይችላል። ግን ራውተሩ የመስመሩን ፍጥነት ካላወቀ ወይም ካልተነገረው፣ ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ ስለሚሠራ ማስቀደሙ ብዙ አይረዳም።

ዮኒ፦

እሺ፣ የኔ ላይም የመስመሩን ፍጥነት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ሞልቼዋለሁ። ምናልባት የጠቀመኝ እሱ ነው። ግን ዋይፋይ 7 (አዲሱ የዋይፋይ ትውልድ) አይሻልም? ለምን በአሮጌ ነገር ላይ ገንዘብ ያወጣል?

አባ ቻናል፦

ዋይፋይ 7 ጥሩ ነው፣ የምስክር ወረቀት መስጠት የተጀመረው በጥር 2024 በፈረንጆች ነው። ግን ጥቅሙን የምታገኘው ዕቃህም ዋይፋይ 7 ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ፒኤስ 5 ዋይፋይ 6 ነው፣ 6 ጊጋኸርዝን አይነካም። ፒኤስ 5 ፕሮ ነው ዋይፋይ 7 ያለው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እንዲያውም ዋይፋይ 5 ነው። ደግሞ 6 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ከ5ም ይደክማል፣ ለዚህ ወንድማችን ኮንክሪት አይሆንም። ጥሩ ዋይፋይ 6 ይበቃዋል። የተረፈውን ለገመድና ለሁለተኛ ሣጥን ያውለው።

አንድ ነገር ላስታውስ። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ከቻናል 52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ ራዳር ከሰማ ቻናሉን ወዲያው መልቀቅ አለበት፣ ሌላ የራዳር ቻናል ላይ ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ ግዴታው ነው። ያለ ምክንያት ለደቂቃ ድርግም እያለ የሚመለስ ዋይፋይ ካለህ ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ አስቀምጠው።

እንግዳ፦

በዚሁ ልጠይቅ። አዲስ ራውተር ከገዛሁ በኋላ ኮንሶሌ "ኤንኤቲ ታይፕ 3" ማለት ጀመረ። ከጓደኞቼ ጋር በድምፅ ማውራት አልቻልኩም። ራውተሩ ተበላሽቶ ነው?

ሚሚ ኔትወርክ፦

አልተበላሸም። የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠህ ሣጥን ራሱ ራውተር ሳይሆን አይቀርም። አዲሱን ከኋላው ስትሰካው ሁለት ራውተር ተደራረበ፤ ኤንኤቲ (አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ዕቃ የማጋራት ሥራ) ሁለት ጊዜ ሆነ። የአዲሱን ገጽ ክፈትና ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ እይ። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ተደራርቧል ማለት ነው። የአቅራቢውን ሣጥን ወደ ብሪጅ ሞድ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት) እንዲቀይሩልህ ጠይቅ። ካልሆነ አዲሱን አክሰስ ፖይንት አድርገው፤ ግን ያኔ ኤስኪውኤሙ አይሠራም፣ ትራፊኩን የሚመራው የአቅራቢው ሣጥን ስለሆነ። አድራሻው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ አድራሻውን የሚያጋራው አቅራቢው ነው። እሱን የትኛውም ራውተር አይፈታውም፤ የራስህ የሆነ የውጭ አድራሻ እንዲሰጡህ መጠየቅ ነው።

ሰብለ፦

ሌላም ራውተር የማይፈታው ነገር አለ፣ ርቀት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው። ሰርቨሩ 3,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ ብቻውን 30 ሚሊሰከንድ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ። ፒንግህ ረግቶ 38 ላይ ከቆመ ዝቅ ለማድረግ አትድከም። ጌሙ ውስጥ ቅርብ ሰርቨር መኖሩን ብቻ እይ።

የማታ ተጫዋች፦

ወሰንኩ። ስምንት አንቴናውን ተውኩት። ኤስኪውኤም የሚሠራ፣ ቀዳዳዎቹ ጊጋቢት የሆኑ ዋይፋይ 6 ራውተር እገዛለሁ። ገመድ በደረጃው ጠርዝ ላይ አወጣለሁ፣ አሮጌው ራውተር ላይ ቤት አክሰስ ፖይንት ይሆናል። ፒኤስ 5 በገመድ። የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ የሁለቱን ዋይፋይ ስም አንድ ላድርገው ወይስ ልለየው?

ገመድ ይቅደም፦

አንድ አድርገው። ስሙም፣ የይለፍ ቃሉም፣ የደኅንነት ዓይነቱም አንድ ይሁን፤ ስልክህ ስትወጣና ስትወርድ ራሱ ይቀያይራል። ቻናላቸው ግን ይለያይ። 2.4 ላይ አንዱን 1፣ ሌላውን 11 አድርግ። 5 ላይ አንዱን 36፣ ሌላውን 149። 149 ዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣልህ ባለህበት አገር አይፈቀድም ማለት ነው፤ ያኔ ሁለቱንም ወደ 40 ሜጋኸርዝ ስፋት አጥብብና 36 እና 44 ላይ አስቀምጣቸው። ላይኛው ፎቅ ከወጣህ በኋላም ስልኩ የታችኛውን አልለቅ ካለ የሁለቱንም የ2.4 ኃይል ወደ መካከለኛ አውርደው።